ዊልነር የሚያርፍበት አፈር

በአንድ ወቅት፣ ፀሐይ አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ በምትልባት አንዲት የሰሜን አሜሪካ የወደብ ከተማ፣ ከሁለት የተለያዩ ባሕሮች የመጡ ስደተኞች አንድ የዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። አንደኞቹ ከካሪቢያን ባሕር፣ ከሄይቲ የመጡ ናቸው። ሌሎቹ ከፓስፊክ ውቅያኖስ መሐል፣ ከሳሞአ ደሴቶች። ሁለቱም ሙቀት ለምደው ያደጉ፣ በረዶ ያማረራቸው፣ ያገራቸው ነገር ሲነሳ ዓይናቸው ሩቅ የሚሄድ ሰዎች ነበሩ። ኑሯቸው ግን አይመሳሰልም።

ሳሞአውያኑ ብዙ ናቸው። የመጡባት ደሴት በአሜሪካ ባንዲራ ሥር ስለሆነች ሲመጡም ሲሄዱም ቪዛ የሚጠይቃቸው የለም። በአንድ ቤት አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አብረው ይኖራሉ፤ እሑድ እሑድ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ይሞላሉ። ሰው ሲሞት፣ ሲያገባ፣ ወይም አንድ ሽማግሌ በዘመዶቹ ላይ አለቃ ሆኖ ሲሾም፣ ደመወዝ ያለው ሁሉ ያዋጣል። እኛ እድር የምንለው ዓይነት ነገር ነው፤ የነሱ መዋጮ ግን ልክ የለውም። ስለዚህ ከነሱ መሐል ብቻውን የሚያለቅስ አይገኝም፤ ለራሱ ጥሪት የቋጠረም አይገኝም። ያገራቸው በር ክፍት ሆኖ ሳለ የመሳፈሪያው ገንዘብ ሁልጊዜ ለሌላ ሰው ሐዘን ወይም ደስታ ስለሚውል፣ ብዙዎቹ ደሴታቸውን እንደናፈቁ ያረጃሉ።

ሄይቲያውያኑ ግን ጥቂት ናቸው። በየኪራይ ክፍሉ ተበታትነው፣ ከፋብሪካ ሲወጡ ሆቴል እያጸዱ፣ ያገኙትን ለእናቶቻቸው ይልካሉ። እነሱም እቁብ አላቸው፤ በነሱ አጠራር ሶል ይባላል። ተግተው ይቆጥባሉ። ነገር ግን አብዛኞቹ እንዲኖሩና እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው ለጊዜው ብቻ ስለሆነ፣ አንዴ ከወጡ ለመመለሳቸው ዋስ የላቸውም። መሳፈሪያው በእጃቸው ቢኖርም መንገዱ የመሄጃ እንጂ የመመለሻ አይደለም።

ከነዚህ ሄይቲያውያን አንዱ ዊልነር ይባል ነበር። የተወለደው ጄረሚ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። ገና ትንሽ ልጅ ሳለ አውሎ ነፋስ ቤታቸውን ሲያፈርሰው፣ ታላቅ እህቱ ሮዝሎር ላዩ ላይ ተኝታ ግድግዳው በሷ ላይ ወደቀ። ጎረቤቶች ቆፍረው ሲያወጧቸው እሱ ጭረት እንኳ አልነካውም፤ የሷ ግራ ክንድ ግን ከዚያ ወዲህ ተቃንቶ አያውቅም። ቀድማ የተሰደደችውም እሷ ናት። በተጣመመው ክንዷ ዓሣ እያጠበች፣ የእቁብ ዕጣ በወጣላት ቁጥር ለወንድሟ መንገድ እያስቀመጠች ቆይታ አስመጣችው። እናታቸው ማዳም ሴሊሜን ብቻቸውን ጄረሚ ቀሩ።

ዊልነር ዓሣ ከጀልባ ወደ ወደቡ ከሚያራግፉ ሰዎች ጋር ተመደበ። የክፍሉ ኃላፊ ሳፖሉ የሚባሉ ሳሞአዊ ሽማግሌ ነበሩ፤ በዘመዶቻቸው ዘንድ አለቃ ናቸው፣ ቃላቸው አይታለፍም። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሽማግሌው ከደሴታቸው የተላከላቸውን የዳቦ ፍሬ አምጥተው እሳት ላይ ጠበሱ። የዳቦ ፍሬ ከዛፍ የሚለቀም፣ ሲጠበስ ልክ ትኩስ ዳቦ የሚሸት፣ የድንች ያህል የሚያጠግብ ፍሬ ነው። ዊልነር ሽታው ሲደርሰው የያዘውን ጥሎ ቀረበ።

«ይሄ የእናቴ ጓሮ ነው» አለ።

«የኔ እናት ጓሮ ነው» አሉ ሳፖሉ እየሳቁ። ደግሞ ሲያዩት ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ሳቃቸውን ተዉና ፍሬውን ገምሰው ግማሹን ሰጡት። «እሑድ ቤቴ ና» አሉት።

እሑድ ሄደ፤ በዚያው ቀረ ማለት ይቻላል። የሳፖሉ ልጅ ማታላሲ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ናት። ያደገችው እዚያችው ወደብ ከተማ ስለሆነ የአባቷን ደሴት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአያቷ ቀብር ሄዳ አይታለች። ከዊልነር ጋር ሲዋደዱ አባቷ አልወደዱትም።

«ሰውየውን እወደዋለሁ» አሏት፣ «ግን ከእህቱ በቀር ዘመድ የለውም። ሐዘን ቢመጣ ማን ከጎኑ ይቆማል?»

«እኛ እንቆማለን» አለች ማታላሲ። ሽማግሌው ፈቀዱ። ሰርጉ ተደገሰ።

ዊልነር በሦስት ሰዎች መሐል እየኖረ ለሦስቱም ከልቡ ይናገር ነበር። ክረምት ሲገባ ለእህቱ፣ «ሮዝ፣ ብሞት እዚህ ብርድ ውስጥ ትተሽኝ እንዳትሄጂ። ለእማዬ ስጪኝ» ይላታል። ሳፖሉ በደሴታቸው ቤት ፊት ለፊት፣ ከደጃፉ ሥር የተደረደሩትን የቤተሰባቸውን መቃብሮች ፎቶግራፍ ሲያሳዩት፣ «አባቴ፣ እዚያ የተኛ ሰው ባሕሩን እየሰማ ያርፋል። እኔንም አስቡኝ» አላቸው። ማታላሲ ያረገዘች ጊዜ ደግሞ እጁን ሆዷ ላይ አድርጎ፣ «እስከ ዛሬ አገርህ የት ነው ሲሉኝ ግራ ይገባኝ ነበር። አሁን ይሄ ልጅ የሚወለድበት ነው» አላት። ለአንዳቸውም አልዋሸም። ሰው ሲናፍቅ አንድ ቦታ ብቻ አይናፍቅም።

በመከር ወራት፣ ማዕበል በበረታበት ቀን፣ ሳፖሉ ከወደቡ ጫፍ አዳልጧቸው በጀልባውና በወደቡ ግድግዳ መሐል ባሕር ውስጥ ወደቁ። ዊልነር ገመድ ይዞ ተከተላቸው። ገመዱን በብብታቸው ሥር አዙሮ አሰረ፤ «ሳቡ!» ብሎ ጮኸ። ሽማግሌውን ሳቧቸው። ገመዱ ለሱ ተመልሶ ሲወረወር ግን ማዕበሉ ጀልባው ሥር ወስዶት ነበር። ሲያወጡት ትንፋሽ የለውም።

የሬሳ ቤቱ ከሰኞ በላይ አላቆይም አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁሉም በሳሞአውያኑ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተሰበሰቡ። ሳሞአውያኑ አዳራሹን ሞልተውታል። ሄይቲያውያኑ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ዊልነር የት ይቀበር የሚለው ነገር ተነሳ።

መጀመሪያ ሳፖሉ ቆሙ። ገና ከሆስፒታል መውጣታቸው ስለሆነ በበትር ነው የቆሙት።

«በሕይወት ያለሁት በሱ ነው» አሉ። «ከቤታችን ደጃፍ፣ ከአባቴ መቃብር ቀጥሎ ያለው ቦታ ለኔ የተቀመጠ ነው። ለሱ ሰጥቻለሁ። እኔ ስሞት ከጓሮ በኩል ቆፍሩልኝ፤ ዘመዶቼ ሁሉ ሰምተዋል። ዘመድ የለውም ብዬ ነበር። ከአለቃ ቦታ የሚያርፍ ሰው ዘመድ የለውም አይባልም።» በአዳራሹ ዳር ዘመዶቻቸው ለአለቃ ቀብር ብቻ የሚዘረጋውን ጥሩ ጥሩ የሰሌን ምንጣፍ ደርድረዋል። የጉዞውን ሁሉ አዋጥተው ጨርሰዋል። ከነሱ መሐል ለእናቱ ሕክምና ያስቀመጠውን የሰጠ ሰው እንዳለ በኋላ ተሰማ።

ሮዝሎር ተነሳች። እሷ ያቀረበችው ምንጣፍ የለም፤ እግሯ ሥር አንዲት ሻንጣ አለች።

«አባባ ሳፖሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እንደ ልጅዎ አድርገውታል» አለች። «ግን እናት አለችው። ዛሬ ጠዋት ሥራዬን ለቅቄያለሁ፤ ክፍሌንም አስረክቤያለሁ። ወንድሜን ይዤ እሄዳለሁ።»

«ከሄድሽ አትመለሽም» አሉ ሳፖሉ በሐዘን። «እናትሽን የምታበያቸው በምንሽ ነው? ደግሞስ ከዋና ከተማው ወደ ጄረሚ የሚወስደውን መንገድ ታጣቂዎች ዘግተውታል ይባላል።»

«በየብስ ካልሆነ በጀልባ እወስደዋለሁ። የእናቴን ነገር ራሷን ይጠይቋት» ብላ ስልኳን አወጣችና ድምፁን ከፍ አደረገችው። የማዳም ሴሊሜን ድምፅ ከሩቅ፣ እየተቆራረጠ መጣ። ሮዝሎር እየተከተለች አስተረጎመችው።

«ሁለት ልጆቼን ለባሕሩ ማዶ ሰጥቼ ብቻዬን አርጅቻለሁ። የምትልኩልኝ እህል ጉሮሮዬን እያነቀኝ ነው የሚወርደው። ይራበኝ ግድ የለም። ልጄን አምጡልኝ፤ በእጄ ልቅበረው። በሩን አይቼ አይቼ ዓይኔ ደከመ።»

ከሄይቲያውያኑ አንዲት ሴት ብድግ ብላ የዚያን ወር የእቁብ ዕጣዋን ሮዝሎር ጭን ላይ አስቀመጠችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ያንን ዕጣ ልጇን ለማስመጣት ዓመት ሙሉ ስትጠብቀው እንደነበር ሁሉም ያውቃል።

በመጨረሻ ማታላሲ ተነሳች። ሆዷ ገፍቷል።

«በሕግ እሱን የመረከብ መብት የኔ ነው» አለች። «ሄጄ ልረከበው እችል ነበር። እናንተን ያልሰማሁ እንዳይሆን ነው የመጣሁት። እዚሁ ከተማ፣ ከኮረብታው ላይ፣ ባሕሩ ከሚታይበት መቃብር ቦታ ይዣለሁ።»

«ልጄ፣» አሉ ሳፖሉ፣ «ማንም የማያውቀው የባዕድ መቃብር መሐል?»

ማታላሲ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያባቷን ቃል በሰው ፊት ተቃወመች። «አባዬ፣ እኔ አውቀዋለሁ። ደሴቱ ወስደው ቢቀብሩት መንገዱ ክፍት ነው ይሉኛል። ክፍት ሆኖ ሳለ እርስዎ ራስዎ ስንት ዓመት አልሄዱም? ሁልጊዜ የሚቀድም የሌላ ሰው ሐዘን አለብን። ጄረሚ ቢቀበር ደግሞ ከነአካቴው አልደርስም። ልጄ አባቴ የት ነው ሲለኝ በጣቴ ውቅያኖስ ላሳየው?»

«በበረዶ ሥር ልታደርጊው ነው?» አለች ሮዝሎር። «ብርድ ይፈራ ነበር፤ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ፣ እህቴ። ስንት ክረምት እግሩን በእጄ አሙቄለታለሁ» አለች ማታላሲ። «እናንተ ስታለቅሱ የምታለቅሱበት አገር አላችሁ። አንቺ ጄረሚ አለሽ፤ አባዬ ደሴታቸው አላቸው። እኔ ግን እዚህ ነው ያደግሁት፤ ናፍቆት የሚባለውን ሳላውቀው ነው የኖርኩት። አሁን አወቅሁት፤ የምናፍቀውም እሱን ነው። ኮረብታው ላይ ከሆነ ከሥራ ስወጣ እደርስበታለሁ።»

ይህን ስትል አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሮዝሎር ግን ወንበሯን ትታ ሄደችና ማታላሲን አቀፈቻት። ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ሰዉ ነገሩ ያለቀ መሰለው። አላለቀም። ከእቅፍ ሲላቀቁ ሮዝሎር ሻንጣዋን እንደያዘች ነው፤ ማታላሲም ቃሏን አላነሳችም።

የሳሞአውያኑ ፓስተር ኢዮአኔ ለብዙ ጠብ መፍትሔ የሰጡ ሰው ናቸው። ሁሉም ዞሮ እሳቸውን ተመለከተ። እሳቸው ግን፣ «ጠበኛ ቢሆኑ አስታርቅ ነበር» አሉ። «ሦስቱም አንድ ሰው ወደዱ። በዚህ ላይ እኔ ምን እፈርዳለሁ?» ጸሎት አድርሰው ሰዉን አሰናበቱ።

ሰኞ ጠዋት ጭጋግ ወደቡን ሸፍኖት ነበር። ሦስቱም ሳይቀጣጠሩ ሬሳ ቤቱ ደጃፍ ተገናኙ። ሳፖሉ የተሸከሙት ከሁሉ የተመረጠውን ምንጣፍ ነው። ሮዝሎር ሻንጣዋን ይዛለች። ማታላሲ ባዶ እጇን ሆዷ ላይ አጣጥፋ ቆማለች። ሰላም ተባብለው፣ ሽማግሌው ነፍሰ ጡሯ ልጃቸው እንዳይበርዳት ምንጣፉን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት።

በሩ ተከፈተና ሠራተኛው ብቅ አለ። ሦስቱን በየተራ ተመለከተ።

«ሟቹን የምትረከቡት የትኛችሁ ናችሁ?» ሲል ጠየቀ።

አንዳቸውም ወደ ኋላ አላሉም።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ። አንደኛዋ ነፍሱን በክንዷ ያተረፈች፣ ለሱ ስትል የመመለሻ መንገዷን የዘጋች፣ ከጀርባዋም የሚጠብቁ እናት ያሏት እህቱ ናት። ሁለተኛው በሱ ነፍስ የተረፉ፣ የገዛ ራሳቸውን ማረፊያ የለቀቁለት አማቱ ናቸው። ሦስተኛዋ ልጁን የተሸከመች፣ ከሱ በቀር የምትናፍቀው የሌላት ሚስቱ ናት። ዊልነር የሚገባው ለማን ነው?