ቀድሞ የሚገልጠው ማን ነው?

አንድ ጡረታ የወጣ የባቡር ነጂ በድሬዳዋ ይኖር ነበር፤ አምባዬ ይባላል። ይህ ሰው ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ሲጫወት ፊቱ አይነበብም። አራት አስ የሚያህል ትልቅ ካርታ ቢይዝም ምንም ባይዝም ያው ነው፤ ቅንድቡ እንኳን ወይ ፍንክች። የሰፈሩ ካርታ ተጫዋቾች ሁሉ በዚህ ያደንቁታል። ሚስቱ የሺመቤት ግን ከዚሁ ፊት ጋር አርባ ዓመት ኖራለችና አድናቆቷ ካለቀ ቆይቷል።

አንድ ቀን አምባዬ የግቢያቸውን የዘይቱን ዛፍ ሳያማክራት አስቆረጠው። ሥሩ ግድግዳውን እየሰነጠቀው ነበር፣ አይካድም። ግን ዛፉን የተከለችው እሷ ናት፤ ያውም የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ሳለች። ከገበያ ስትመለስ ጉቶውን አይታ ዘንቢሏን እንደያዘች ቆማ ቀረች። አምባዬ ዕንባዋን አየ። አንድ ይቅርታ ይበቃ ነበር። እሱ ግን ያንን ፊቱን ይዞ፣ ዛፍ እኮ ነው አላት።

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ? እሷ ከእንግዲህ አላበስልልህም አለች። እሱ ሆቴል ሞልቷል አለ። እሷ አዳማ እህቴ ጋ እሄዳለሁ፣ አልመለስም አለች። እሱ በሩ ክፍት ነው አለ። ይህን ያለው ጀግና ለሁለት ቀን እህል አልወረደለትም፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ቻለው እንጂ። የሺመቤትም ቃሏን አላጠፈችም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልብሷን በሻንጣ ሸክፋ፣ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። አውቶቡሱ ሊነሳ አንድ ሰዓት ቀርቶታል።

አምባዬ በረንዳው ላይ ብቻውን ካርታ ይበውዛል። ቀና ብሎ አላያትም፤ ካያት እንደማይችል ያውቃል። እሷም በሩን ልታልፍ ስትል ምን እንደታሰባት እንጃ፣ ሻንጣዋን አስቀምጣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አርባ ዓመት ሙሉ አንተን ከኔ የቀማህን ይህን ጨዋታ ሳላውቀው አልሄድም» አለችው። «አስተምረኝ።»

አምባዬ ደስ አለው፤ ደስ ያለው ደግሞ መቀመጧ ነው። አንድ ሳህን ሽምብራ አምጥቶ በገንዘብ ፋንታ እኩል አካፈላት። ከዚያም አውቶቡሱ እንዲያመልጣት በልቡ እየጸለየ፣ ነገሩን እያንዛዛ ያስረዳት ጀመር። ለእያንዳንዱ ሰው አምስት ካርታ ይታደላል ብሎ አምስት አምስት አደለ። ሁለት ተመሳሳይ ያለው ምንም የሌለውን ይበልጣል፣ ሦስት ተመሳሳይ ያለው ሁለት ያለውን፣ እያለ ቀጠለ። ሁሉም የራሱን እንጂ የሌላውን ካርታ አያይም። ካርታው ያላማረው ይጥልና ይወጣል፤ ያስያዘው ሽምብራ ግን መሃል ላይ ይቀራል። መቆየት የፈለገ ሌላው ያስያዘውን ያህል ያስይዛል። የደፈረ ደግሞ ከዚያ በላይ አስይዞ ሌላውን ያስጨምራል፤ እጁ ላይ ምንም ባይኖረውም እንኳ።

የሺመቤት እዚህ ላይ አቋረጠችው። ምንም ሳይኖረው ለምን ያስጨምራል ብላ ጠየቀችው። ሌላው ፈርቶ እንዲጥልለት ነው አላት። ሌላው ባይፈራስ አለች። ያኔ ሁለቱም ካርታቸውን ይገልጣሉ፣ ያለውና የሌለው ይለያል አላት።

«ቀድሞ የሚገልጠው ማን ነው?»

«መጨረሻ ላይ ያስጨመረው ነዋ» አለ አምባዬ፣ እንደ ቀላል ነገር።

የሺመቤት የደረሳትን ካርታ ሳታየው ወደ ጎን ገፋችው።

«እኔ አዳማ እሄዳለሁ አልኩ» አለችው ቀስ ብላ። «ከዚያ በኋላ ማን አስጨመረ?»

አምባዬ በካርታ ሕግ አጭበርብሮ አያውቅም፤ ጠላቱም ይመሰክርለታል። አሁን ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ መግለጥ፣ ወይ ሚስቱን መሸኘት። ያ የማይነበብ ፊቱ በዕንባ ራሰ።

«ባዶ ነው፣ የሺ» አላት። «ምንም አልያዝኩም። በሩ ክፍት ነው ያልኩሽ እንዳትወጪ ፈርቼ ነው። ዛፍሽን ስላስቆረጥኩብሽ ይቅር በይኝ። አትሂጂብኝ።»

የሺመቤት ትክ ብላ አየችው። አርባ ዓመት የጠበቀችው ፊት ይህ ነበር። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዕንባውን ጠረገችለት።

«እኔም እኮ ባዶ ነኝ» አለችው። «እህቴ እንደምመጣ እንኳ አታውቅም። አልነገርኳትም።»

አውቶቡሱ በሰዓቱ ተነስቶ ሄደ። ሁለቱ ግን በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው እየተሳሳቁ ሽምብራውን በሉት።

ወዳጆቼ፣ በየቤታችን እንዲህ ያለ ጨዋታ አለ። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ደብቀው በቃል ላይ ቃል እያከሉ ያስጨምራሉ፤ የሚያስይዙት ደግሞ አብረው የኖሩትን ዕድሜ ነው። አንዱ አምርሮ ሲናገር ሌላው እውነት ይመስለዋል፤ ተናጋሪው የፈራ መሆኑን ማን ይነግረዋል? ስለዚህ ያኮረፋችሁት ሰው ካለ፣ ማን በደለ የሚለውን ለጊዜው ተዉትና ይህን ብቻ ራሳችሁን ጠይቁ፤ መጨረሻ ላይ ያስጨመረው ማን ነበር? እናንተ ከሆናችሁ፣ ቀድሞ የመግለጡ ተራ የእናንተ ነው።