ጳጉሜ የሌለበት ቅጽ

ተማሪው የሁለት ዓመት ልጁን ምንትዋብን ሐምሌ መጨረሻ ላይ ቀበረ።

ለመመረቅ አንድ ሥራ ቀርቶታል፤ የሁለት ደቂቃ የፊልም ትሬለር ቀርጾ እስከ ነሐሴ ሠላሳ ማስረከብ። ለቅሶው ቀረጻውን ስላስተጓጎለበት፣ የጳጉሜን አምስት ቀን በመርሐ ግብሩ ላይ ጨምሮ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ወደ አቶ ጥላዬ ሄደ።

አቶ ጥላዬ ከውጭ አገር ባመጡት የዕቅድ ቅጽ ይኮሩ ነበር። የወራቱን ስም ብቻ ወደ አማርኛ ስለለወጡት፣ ቅጹ ያለው አሥራ ሁለት ወር ነው።

«ስማ አንተ፣» አሉት ተማሪ በተሰበሰበበት፤ «ጳጉሜ የት አለች? ቅጹ ላይ የሌለ ቀን እኔ ዘንድ የለም። ነሐሴ ሠላሳ ካለፈብህ ዓመቱን ትደግማለህ!»

«እሺ ጋሼ፣ በቅጹ እንሄዳለን» ብሎ ወጣ።

ሲቀርጽና ሲያቀናብር ሰንብቶ፣ ጳጉሜ አምስት ከሰዓት በኋላ ትሬለሩን የያዘውን ፍላሽ አቶ ጥላዬ ጠረጴዛ ላይ አኖረ።

«አምስት ቀን አሳልፈህ?» ብለው ጮኹ። ቢሮው ውስጥ የነበሩት ተማሪዎች ሁሉ ዞረው አዩት።

«ጋሼ፣ በቅጽዎ ከነሐሴ ሠላሳ የሚቀጥለው ቀን የትኛው ነው?»

«መስከረም አንድ።»

«እሱ መቼ ነው?»

«ነገ ነዋ!»

«እንግዲያው ዛሬ ገና ነሐሴ ሠላሳ ነው። ይፈርሙልኝ፤ የበዓል ዋዜማ አላስመሽዎ።»

ተማሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ። አቶ ጥላዬ ቅጹን ሁለት ጊዜ አገላብጠው አዩና ፈረሙ።

ተማሪው ወደ ቤቱ ሲመለስ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ችቦ ገዛ። ሲመሽ ትንሹን አስቀድሞ ለኮሰ።