ያልተለመነው ባትሪ

አንድ በመኪና ኮምፒውተር ሥራ ስሙ የገነነ ደረሰ የሚባል መካኒክ ነበር። ሙያው አይታማም፤ ትንሽ ኩራት ግን ነበረችበት። ምን ትንሽ!

አንድ ቀን ወይዘሮ ስንዱ የተባሉ የተማሪ ሰርቪስ ሹፌር የመኪናቸውን ሶፍትዌር እንዲያድስላቸው መጡ። ሶፍትዌር ሲጫን ኃይል ለአፍታም መቋረጥ የለበትም። መብራት እንደፈለገ በሚሄድበት በዚያ ሰፈር መካኒኮቹ ከጎረቤት ጋራዥ ተጨማሪ ባትሪ ተውሰው፣ በእሱ ደግፈው ነው የሚጭኑት። ደረሰ ግን ጎረቤቱን ሙዘይንን መለመን ሞት መሰለው። «የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው» ብሎ ቻርጀሩን ሰካና ጀመረ።

ገና ግማሽ ሳይደርስ መብራት ድርግም አለ። የመኪናው ባትሪ ደካማ ነበርና ብቻውን አልቻለም። መኪናው ቢሉት ቢሠሩት አልነሳ አለ።

ወይዘሮ ስንዱ ሲመለሱ ደረሰ ዓይናቸውን ሳያይ፣ «ባለፈው ወር ሙዘይን ጋ አላርም አስገጥመው የለ? ኮምፒውተሩን ያቃጠለው እሱ ነው» አላቸው።

እሳቸው ምኑን ያጣሩ! በቀጥታ ሄደው ሙዘይንን በደንበኞቹ ፊት «እንጀራዬን ዘጋህብኝ» እያሉ አዋረዱት። ጋራዦቹ አጥር ለአጥር ናቸውና ደረሰ እያንዳንዱን ቃል ሰማ። ፊቱ ጋለ። ግን ከኮፈኑ ስር ቀና አላለም።

ጥቂት ቆይቶ ሙዘይን ባትሪ ተሸክሞ መጣ፤ ሴትዮዋም ተከትለውታል። ክፉ ቃል አልተናገረም። ባትሪውን አገናኘ፤ መመርመሪያ ማሽኑን ሰክቶ አነበበ።

«አልተቃጠለም። ሶፍትዌር ሲጫንበት ተቋርጦ ነው» አለ።

«ማን ነው ያቋረጠው?» አሉ ወይዘሮ ስንዱ።

ሙዘይን ደረሰን አየት አደረገው። «እሱን ማሽኑ አይጽፍም፣ እትዬ» አለ።

ደረሰ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው። «እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ባትሪ መዋስ ንቄ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ዋሽቻለሁ።»

«ይህንኑ ለደንበኞቼ ንገራቸው» አለ ሙዘይን።

ሶፍትዌሩ ከመጀመሪያው ተጫነና መኪናው ተነሳ። ደረሰም አንገቱን ደፍቶ ጎረቤት ገባ። ስድቡን ከሰሙት አምስት ሰዎች የቀሩት ግን ሁለት ብቻ ነበሩ። ለሁለቱ ነገራቸው። ሦስቱ ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ደረሰ ገበያ በወጣ ቁጥር የማያውቃቸውን ሰዎች ፊት ያያል፤ ከሦስቱ አንዱ ይሆን እያለ ያፍራል።

የተቋረጠ ሥራ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። የጠፋ የሰው ስም ግን በየመንገዱ ይበተናል፤ ይቅርታችንም ለሰሚው ሁሉ አይደርስም። እኛስ እውነቱን ሳንነግራቸው የሄዱብን ሰዎች ስንት ይሆኑ?