ጅብ ያልበላው ቁርበት

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ እንደ ልቡ በማይጥልበት ቆላ፣ መተኛት ያቃተው ቀበሮ ነበር።

ቀበሮዎች የሚተኙት ተራ እየተጠባበቁ ነው። አንዱ ዓይኑን ሲከድን ሌላው ይጠብቃል። የዚህ ቀበሮ ቤተሰብ ግን በአንድ በጋ በእብድ ውሻ በሽታ አለቀ። እናቱ፣ ሁለት ወንድሞቹ፣ ታናሽ እህቱ። ከዚያ ወዲህ የሚጠብቀው ስለሌለ አንድ ዓይኑን ገልጦ ነበር የሚያሸልበው። ዓይኖቹን ቢያፈራርቅም ድካሙ አልለቀው አለ።

ከአያ ጅቦ ጋር የተዋወቁት በዚያው በጋ ነው። ጅቡ የመጣው ሬሳ ሸቶት ነበር። ቀበሮው በጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ ጠበቀው።

«ዛሬ አይሆንም» አለው።

«እሺ» አለ ጅቡና ከጎኑ ተቀመጠ። ምን እንደሚጠብቅ ራሱም አያውቅም። በማግስቱም እዚያው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት አብረው አደኑ። ቀበሮው ያሸታል፣ ጅቡ ይሸከማል። ድርሻ ላይ ሲደርሱ ግን ቀበሮ ያው ቀበሮ ነው።

«አያ ጅቦ፣ ለስላሳ ሥጋ ጥርስ ያዶለዱማል። ላንተ ስለማስብ ሥጋውን እኔ ልብላልህ። አንተ አጥንቱንና ቁርበቱን ውሰድ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ይላል ጅቡ፤ ቁርበቱንም ከነፀጉሩ ይሰለቅጠዋል።

መቼም የጅብና የቁርበት ነገር የታወቀ ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» ቢል፣ ያነጠፈለት ሰው ጠዋት ጅቡንም ቁርበቱንም አያገኝም።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ቀበሮው ወደ ጅቡ ዋሻ ጎራ አለ። ሰሞኑን ከገደል ወድቆ ያገኙት በሬ ቁርበት መሬት ላይ ተነጥፏል። ሙሉ ነው። ጅቡ ከጎኑ ቆሞ ምራቁን ይውጣል።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ ቀበሮው።

«ቁርበት።»

«ቁርበትነቱንማ አያለሁ። እዚህ ምን ይሠራል?»

«ላንተ ነው። ተኛበት። እኔ እጠብቅሃለሁ።»

ቀበሮው ቁርበቱን ዞረው። ጫፉን ገልጦ ከሥሩ ጉድጓድ እንዳለ ፈለገ። የለም። ወጥመድም ገመድም የለም። ይህ ይበልጥ አሳሰበው። የተገኘ ተንኮል ቀላል ነው፤ የሚያስፈራው ያልተገኘው ነው።

«እንቅልፌ አልመጣም» ብሎ ወጣ። ዓይኖቹ ግን ደም መስለው ነበር።

ወንዝ ዳር አህያን አገኛት። የጅብን ጠባይ እንደ እሷ የሚያውቅ የለም፤ ለእርጅና የበቃችው በዚሁ ዕውቀት ነው።

«እትዬ አህያ፣ ጅብ ቁርበት አንጥፎ ‹ተኛ› ቢል ምን ፈልጎ ነው?»

«እኔን ከሆነ ሊበላኝ።»

«እኔን ከሆነስ?»

አህያ የጋጠችውን ሣር አላምጣ እስክትጨርስ አልመለሰችለትም።

«ሰሞኑን ሁለት ጊዜ አግኝቶኛል» አለች። «ሁለቴም ሳይነካኝ አለፈ። አንዴማ አስቁሞ፣ ‹ቀበሮ ሲያንቀላፋ አንድ ጆሮው እንዴት ዘንበል እንደሚል አይተሽ ታውቂያለሽ?› አለኝ። በዕድሜዬ እንዲህ ተንቄ አላውቅም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ማለቴማ፣ አንተን ብልጥ ነው ይሉሃል። እኔ እንጃ።»

ቀበሮው አላመናትም። ፈተና አበጅቶ ወደ ዋሻው ተመለሰ።

«አያ ጅቦ፣ ዘመድ ልጠይቅ ደጋ መውጣቴ ነው። አራት ቀን እቆያለሁ።»

«ዘመድ አለህ እንዴ?» አለ ጅቡ።

ቀበሮው ፊቱን ወደ ዋሻው አፍ አዞረ። «ሩቅ ናቸው» አለና ሄደ።

የሄደው ግን ከዋሻው ፊት ለፊት ወዳለው ቋጥኝ ነው። ከጀርባው ተደብቆ ማየት ጀመረ። ጅቡ በመጀመሪያው ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። በሁለተኛው ቀን የቁርበቱን ጫፍ አንዴ ላሰና ራሱን በመዳፉ መታ። በሦስተኛው ቀን እንዳይሸተው ጎትቶ አወጣና ከዋርካ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለው፤ ከዚያ ሌላ እንዳይበላው ሰግቶ መልሶ አወረደው። የሚያሸትለት ስለሌለ አድኖ አላገኘም። በአራተኛው ቀን የጎን አጥንቱ ይቆጠር ነበር።

ቀበሮው አራት ቀን ሙሉ ተንኮሉን ጠበቀ። ተንኮሉ አልመጣም። በዚያ ሜዳ ላይ የነበረው ተንኮል የራሱ ብቻ ነው። ደከመው። ተነሥቶ ወጣ።

«ከደጋ መጣህ?» አለ ጅቡ፤ ጅራቱ መሬቱን ጠረገ።

«ደጋ አልሄድኩም። እዚያ ቋጥኝ ጀርባ ነበርኩ።»

«አራት ቀን?»

«አራት ቀን።»

«ታዲያ ለምን አልገባህም? ፀሐዩ ይመታህ የለም?»

ቀበሮው ወደ ቁርበቱ አየ። «ለምን አልበላኸውም?» ሲል ጠየቀው።

«ብበላው በምን ላይ ትተኛለህ?»

«አያ ጅቦ፣ ከእኔ ምን ትፈልጋለህ?»

ጅቡ አሰበ። ማሰብ ለእሱ ድንጋይ እንደ ማንሳት ነው።

«እንድትተኛ» አለ። «ስትነቃም እዚህ እንድትሆን። በፊት ጓደኛዬ ስለሆንክ መስሎኝ ነበር። ጅብ ግን ለጓደኛው ቁርበት አያስተርፍም፤ ከእናቱ እንኳ ይነጥቃል። ስለዚህ ሌላ ነገር ነው። ወድጄሃለሁ፣ ቀበሮዬ።»

ቀበሮው መሬት መሬት አየ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጎህ ሲቀድ እግሩ ወዴት ሲወስደው እንደኖረ ያን ጊዜ ገባው። የአገሩን ዱካ ሁሉ ሲያነብ የራሱን አላነበበም።

«እኔም» አለ። «ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ለስላሳ ሥጋ ጥርስ አያዶለዱምም። እያታለልኩህ ነበር።»

ጅቡ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ምንም አያደርግም?»

«ምንም።»

«በል እንግዲያው ነገ እቀምሳለሁ» አለ ጅቡ። በዚህም አበቃ።

ቀበሮው ቁርበቱ ላይ ወጥቶ ተኛ።

«አንተስ?»

«እኔ ከተኛሁበት እበላዋለሁ።»

«ና ግዴለም። አራት ቀን ሙሉ ሳትበላው መቆየትህን አይቻለሁ።»

ጅቡ መጥቶ ጎኑን ለጎኑ ሰጠው። ቀበሮው አንድ ዓይኑን ከደነ። ቀጥሎም ሌላውን። ሲነቃ ጀምበር ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር፤ ከቁርበቱም አንድ ጫፍ ጎድሏል።

«በእንቅልፌ ነው» አለ ጅቡ፣ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ።

ቀበሮው ሳቀ። ቤተሰቡ ካለቀበት በጋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መሳቁ ነበር።

ወሬው ከአንበሳ ጆሮ ደረሰ። አህያን በሩቁ ጠርቶ ጠየቃት።

«ጅብና ቀበሮ ባንድ ዋሻ መኖር ጀመሩ የሚሉት እውነት ነው? ሁለቱም ወንዶች አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው ጌታዬ። እኔን የገረመኝ ግን ቁርበቱ ነው።»

«ቁርበቱ ምን ሆነ?»

«አልተበላም።»

አንበሳ ጎፈሩን ነቀነቀ። «እንዲያ ከሆነ የምር ነው» አለና ተመልሶ ተኛ።

ቁርበቱ ግን በየሳምንቱ ከጫፉ እያነሰ ሄደ። እሱ ባነሰ ቁጥር ሁለቱ ይበልጥ ተጠጋግተው ተኙ።

ከዚህ የምንማረው፣ ድካም የጠናበት ሁሉ ወዳጁ ከገዛ አፉ ነጥቆ ያነጠፈለትን ሲያገኝ ከሥሩ ተንኮል ሲፈልግ ከሚውል፣ ጋደም ብሎ ሁለቱንም ዓይኖቹን ቢከድን እንደሚሻለው ነው።