የምንታምር ጉርሻ

ተረት ልንገራችሁ፤ ጆሮ ያለው ጆሮውን፣ ልብ ያለው ልቡን ይዞ ይጠጋ።

ከባድ መኪኖች በሚያድሩባት አንዲት የመንገድ ዳር ከተማ ምንታምር የምትባል ልጅ ነበረች። ዓለምን የዞረው፣ ባሕር የተሻገረው፣ ሀብታም ድሃ ሳይል በየቤቱ የገባው ኤች አይ ቪ በዚያም መንገድ መጥቶ ነበር። እናቷን የወሰደባት እሱ ነው። ምንታምርም ስትወለድ ከእናቷ ወረሰችው። ደግነቱ ዛሬ ኪኒን አለ። ኪኒኑን በየቀኑ የዋጠ ሰው ያድጋል፣ ይማራል፣ አግብቶም ይወልዳል። ካልዋጠ ግን የተኛው ቫይረስ ይነቃል።

የምታሳድጋት አክስቷ ደብሪቱ ናት፤ ለሹፌሮች ቁርስ እየሸጠች። አክስቷ ትወዳታለች፤ ይሄን ማንም አይክድም። ታጥባታለች፣ ጸጉሯን ትሠራታለች፣ አቅፋት ትተኛለች። ማዕድ ላይ ግን ሰው እንዳያወራ ብላ ሳህኗን ለየችባት።

አንድ ቀን ጠዋት ምንታምር ሹፌሮቹ እየተጎራረሱ ሲሳሳቁ አየች። አማራት። እሷን ማንም አጉርሷት አያውቅም። ፍርፍሯን ገፋ አደረገችና አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋች።

«ብይ እንጂ የኔ ዓለም፤ ኪኒንሽ እየጠበቀሽ ነው» አለች ደብሪቱ።

ኪኒኑም ቢሆን ኩሩ ነው። «እኔ በባዶ ሆድ አልወርድም፤ ብወርድም ተመልሼ እወጣለሁ» አለ።

«ካላጎረስሽኝ አልበላም» አለች ምንታምር።

ደብሪቱ እጇን ወደ ሳህኑ ሰደደችና መለሰችው። «እትዬ አሰገደች ያዩኛል። ‹በዚያ እጇ ያቀረበችውን አልበላም› ይላሉ። እሳቸው ከተዉ ሹፌሩም ይተዋል። ከዚያ ምን እንበላለን፣ የኔ ልጅ?» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ኪኒኑ አልወርድም አለ፤ ምንታምር አልበላም አለች፤ አክስት አላጎርስም አለች። ምንታምር ኪኒኑን ኪሷ ከታ፣ ሳህኗን ይዛ ወጣች።

እትዬ አሰገደች ከቁርስ ቤቱ ማዶ ሽንኩርት ይሸጣሉ። ምንታምር ፊታቸው ቆመች።

«እትዬ፣ ኪኒኔ ያለ እህል አይወርድም፤ እኔ ያለ ጉርሻ አልበላም፤ አክስቴ እርስዎን ፈርታ አታጎርስም። አትፍሪኝ ይበሏት።»

ሴትዮዋ ጤና ጣቢያ ትምህርት ሲሰጥ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰምተዋል። በደም ይተላለፋል፣ ያለ ኮንዶም በሚደረግ ግንኙነት ይተላለፋል፣ እናት ሳትታከም ከቀረች ወደ ልጇ ይተላለፋል ተብሏል። በጉርሻ የሚል አልነበረበትም።

«እኔማ ምን አለኝ ልጄ» አሉ ሽንኩርቱን እያገላበጡ። «ቁርስ አብረውኝ የሚበሉት ግን ጋሽ ታፈሰ ናቸው። እኔን ጥለው ከገበታ ቢነሱ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? እሳቸው ይሁን ካሉ እኔም ይሁን።»

ኪኒኑ አልወርድም አለ፤ ምንታምር አልበላም አለች፤ አክስት አላጎርስም አለች፤ ሽንኩርት ሻጯ ይሁን አልልም አሉ። ፍርፍሩ መቀዝቀዝ ጀመረ፤ ምንታምርም ሄደች።

ልብስ ሰፊው ጋሽ ታፈሰ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ይረግጣሉ። ልጅቷን ሲያዩ እግራቸው ቆመ።

«ጋሼ፣ ኪኒኔ ያለ እህል አይወርድም፤ እኔ ያለ ጉርሻ አልበላም፤ አክስቴ እትዬ አሰገደችን ፈርታ አታጎርስም፤ እትዬ አሰገደች እርስዎን ፈርተው ይሁን አይሉም። እርስዎ ይሁን ይበሉ።»

«የኔ እናት፣ እኔ መች ጠላሁሽ? የቀሚስሽን ጫፍ የጠቀምኩልሽ እኔ አይደለሁ?» አሉ ጋሽ ታፈሰ። «አባባ አዳፍሬ ግን የእድሩ ዳኛ ናቸው። እሳቸው ፊት ከነሱኝ ድንኳን የሚተክልልኝ የለም። ስሞት ማን ይቅበረኝ?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ገና ነዎት» አለች ምንታምር። «ኪኒኔን ካልዋጥኩ የምሞተው እኔ ነኝ።»

ጋሽ ታፈሰ መርፌያቸውን አጎንብሰው ፈለጉ፤ መርፌው ግን እጃቸው ላይ ነበር።

ኪኒኑ አልወርድም አለ፤ ምንታምር አልበላም አለች፤ አክስት አላጎርስም አለች፤ ሽንኩርት ሻጯ ይሁን አልልም አሉ፤ ልብስ ሰፊው ከእድሬ አልጣላም አሉ።

አባባ አዳፍሬ በእድሩ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው የድንኳን ገመድ ይቋጥራሉ። ፊታቸው ኮስታራ ነው፤ ልጆች በዚያ በኩል ሲያልፉ ኳሳቸውን ይደብቃሉ። ምንታምር ግን ሳህኗን ይዛ ቀረበች።

«አባባ፣ ኪኒኔ ያለ እህል አይወርድም፤ እኔ ያለ ጉርሻ አልበላም፤ አክስቴ እትዬ አሰገደችን ትፈራለች፤ እትዬ አሰገደች ጋሽ ታፈሰን ይፈራሉ፤ ጋሽ ታፈሰ እርስዎን ይፈራሉ። እርስዎ ማንን ይፈራሉ?»

ሽማግሌው እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቀው አያውቁም። «እኔ?» አሉ። «እኔ ምን አደረግኩ? ከአፌ ክፉ ቃል ወጥቷል? እኔ የሰፈሩን አዝማሚያ ነው የማየው። የገዛ አክስትሽ ካላጎረሰችሽ ሌላው እንዴት...» አሉና የገዛ ቃላቸውን ሰሙት።

አክስት አሰገደችን ታያለች፤ አሰገደች ታፈሰን ያያሉ፤ ታፈሰ አዳፍሬን ያያሉ፤ አዳፍሬ አክስትን ያያሉ። ዞሮ ዞሮ ከቤት። ኪኒኑም በኪስ፣ ልጅቷም በረሃብ።

ምንታምር ደክሟት ከአጠገባቸው ቁጭ አለች። የምትሄድበት ሌላ ሰው የለም። ሽማግሌውን ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከንፈራቸው ደርቋል።

«አባባ፣ ቁርስ በልተዋል?»

«አልበላሁም፣ ልጄ።»

እጇን ደጃፉ ላይ ካለው ማሰሮ ውሃ ቀድታ ታጠበች፤ ከፍርፍሩ ጠቅልላ ወደ አፋቸው ዘረጋች።

በአገራችን የተዘረጋ ጉርሻ አይመለስም፤ የልጅ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ። አባባ አዳፍሬ ግራ ቀኝ አዩ። አሰገደች ሽንኩርታቸውን ጥለው ቆመዋል። ታፈሰ በረንዳው ጫፍ ላይ ናቸው። ደብሪቱ ልጇን ፍለጋ ወጥታ መንገዱ መሀል ደርቃ ቀርታለች። ትንሿ እጅ አየር ላይ ቆየች፤ መዛል ጀመረች። ሽማግሌው ከስሯ ደገፏትና ጎረሱ።

አላመጡ። ዋጡ። «ደብሪቱ፣ ጨው አሳንሰሻል» አሉ፣ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው።

ያን ጊዜ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። አዳፍሬ ሲጎርሱ ታፈሰ መጥተው ከሳህኑ ጎረሱ፤ ታፈሰ ሲጎርሱ አሰገደች «ለእኔም አቅርቡልኝ» አሉ፤ አሰገደች እጃቸውን ሲሰዱ አክስት ሮጣ መጣች፤ አክስት አጎረሰች፤ ምንታምር በላች፤ ኪኒኑ ወረደ። ምንም አላለም፤ ሥራ ነበረበት።

ደብሪቱ ጠቅልላ ያጎረሰቻት ለጎልማሳ የሚሆን ነበር፤ የልጅቷ ጉንጭ ተወጠረ። «ይቅር በይኝ፣ የኔ ልጅ» አለች አክስቷ እያለቀሰች። ምንታምር አፏ ሞልቶ መልስ መስጠት አልቻለችም። እስክትውጥ ሁሉም ጠበቋት።

«አንድ ያጣላል» አለችና አፏን እንደገና ከፈተች።

ተረቴ እዚህ አለቀ፤ ሲያወራ የዋለ አፍ ይርበዋልና እኔንም አጉርሱኝ።