ባሻ እንግዳሸትና የሦስቱ ሹሞች ትብብር

ታች ሰፈር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አንድ የውኃ ጉድጓድ አለ። ከጉድጓዱ አጠገብ የዛገ የቆርቆሮ ሰሌዳ ቆሟል፤ በሦስት መሥሪያ ቤቶች ትብብር የጸዳ ይላል። ይህን ሰሌዳ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ጉድጓዱን ያጸዳው የአንድ ሰው ምላስ ነው፤ መሥሪያ ቤቶቹማ ሦስት ዓመት ሙሉ አፍንጫቸውን ይዘው ሲያልፉ ነው የኖሩት።

ነገሩን የነገረኝ የእናቴ ወንድም ጋሼ ምንዳዬ ነው። በዚያ ዘመን በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት ጸሐፊ ስለነበረ ደብዳቤዎቹ ሁሉ በእጁ አልፈዋል። ጋሼ ምንዳዬ ሲዋሽ አላውቅም፤ ሲያጋንን ግን አውቃለሁ። ስለዚህ የበዛ የመሰላችሁን ራሳችሁ ቀንሱለት።

ባሻ እንግዳሸት ሥራው ሽንት ቤት መቆፈር፣ የሞላውንም መጥረግ ነበር። ባሻነቱን ማን እንደሰጠው አይታወቅም፤ ሲጠየቅ ከመሬት በታች ያገኘሁት ሹመት ነው ይላል። የከተማው ሰው ሁሉ እሱ ሲያልፍ አፍንጫውን ይይዛል። የማትይዘው ልብስ አጣቢዋ እትዬ የሽመቤት ብቻ ነበረች። ከዚያ ጉድጓድ እየቀዳች የሹሞቹን ነጭ ሸሚዝ ታጥባለች፤ የባሻንም ቁምጣ በዚያው ገበታ፣ በዚያው ሳሙና፣ ፊቷን ሳታጨማድድ ታጥባለች። ያ ጉድጓድ እንጀራዋ ነው።

ከጉድጓዱ ሽቅብ፣ ላይ ሰፈር፣ የግራዝማች አስራደ ግቢ ነበር። በግቢው አሥራ ሁለት ተከራይ አለ፤ ሽንት ቤቱ ግን አንድ ነው። እሱም ሞልቶ ከላይ ወደ መንገዱ መፍሰስ፣ ውስጥ ለውስጥም ወደ እትዬ የሽመቤት ውኃ መስረግ ጀመረ። መጀመሪያ ውኃው ቀለሙን ለወጠ፤ ቀጥሎ መሽተት ጀመረ። ባሻ ማንን ሊለማመጥ እንደሄደና ምን ተብሎ እንደተመለሰ ነው የምነግራችሁ።

*

መጀመሪያ የሄደው ወደ ግራዝማች ነው። ግራዝማች በስስታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ፤ እንግዳ ሲመጣባቸው ጾም ነው ይላሉ፣ የፋሲካ ሳምንትም ቢሆን። ባሻ ያለውን ሽንት ቤት ያስጠርጉ፣ ሁለተኛም ያስቆፍሩ ቢላቸው ጥፋቱን በተከራዮቻቸው ላይ ጣሉት። እነዚህ ሰዎች ያለ ልክ እየበሉ ነው የሞሉብኝ አሉ። ባሻ የከሱትን ተከራዮች፣ የከሳውን በቅሎ፣ የከሱትን ግራዝማች ዞር ዞር ብሎ አየና እንዲህ አለ፦

«ግራዝማች፣ በእርስዎ ግቢ ጠግቦ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።»

ግራዝማች ተቆጥተው ውሻ ይፈታበት አሉ። ውሻው ግን ከረኃቡ የተነሣ መቆም አቃተው ይላል ጋሼ ምንዳዬ። እዚህ ላይ ሳያጋንን አልቀረም።

*

ግራዝማች ቂም ያዙ። አንድ እሑድ ሰንበቴ ላይ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ባሻ በሩ ሥር ተቀምጦ አዩት። የዚህ ሰውዬ ስም እንኳ መጨረሻው ሸት ነው፣ ገና ሲጠሩት ይሸታል ብለው አሳቁበት። በዚያ ቤት የግራዝማች ቀልድ ሁልጊዜ ያስቃል፤ ሰዉ የሚስቀው መሬታቸው ላይ ስለሚኖር ነው። ባሻ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ።

«የእኔ የሚሸተው ስሜ ነው፤ ጎረቤት ግን አላጠጣውም።»

*

ከግራዝማች ተስፋ ሲቆርጥ ወደ ሹሞቹ ዞረ። ሹሞቹ ሦስት ናቸው፤ የጤናው፣ የውኃውና የማዘጋጃ ቤቱ። ጋሼ ምንዳዬ ሦስቱን አንቱ ሲል ሰምቼው አላውቅም፣ እኔም አልልም።

የጤናው ሹም ግድግዳው ላይ እጃችሁን ታጠቡ የሚል ሥዕል የለጠፈ ሰው ነበር። ባሻ ተናግሮ ሳይጨርስ፣ ሽንት ቤት የማዘጋጃ ቤት ነው፣ ጉድጓድ የውኃ ክፍል ነው፣ እኛን አይመለከተንም አለው። ባሻ ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተለት። መስኮቱ የሚያየው ወደ ግራዝማች ግቢ ነው።

«ባይመለከትዎም ይሸትዎታል።»

*

የውኃው ሹም ትሑት ነበር። ሰው አያስቆጣም፣ ሥራም አይሠራም። ባሻን አስቀምጦ፣ አይዞህ፣ ጉዳዩን ይዘነዋል፣ አሁን መንገድ ላይ ነው አለው።

«አውቃለሁ፤ ጠዋት ዘልዬው ነው የመጣሁት።»

*

የማዘጋጃ ቤቱ ጉድ ይለያል። ከተማው አንድ መጣጭ መኪና ነበረው፤ አንድ ቀን ቢሠራ የግራዝማችን ሽንት ቤት አድርቆት ይመጣል። መኪናው በማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ቆሟል። ቱቦው ግን ቱቦ የውኃ ዕቃ ነው ተብሎ በውኃ ክፍሉ መጋዘን ተቆልፎበታል። ሾፌሩ ደግሞ ቆሻሻ የጤና ጉዳይ ነው ተብሎ በጤና ጽሕፈት ቤት ተቀጥሮ፣ የሚነዳው ነገር ስለሌለ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይውላል። መኪናው፣ ቱቦውና ሾፌሩ ተያይተው አያውቁም። የዘበኛው ዶሮ መሪው ሥር እንቁላል ትጥል ነበር። በዚያ መኪና ምክንያት ሦስቱ መሥሪያ ቤቶች የተጻጻፉት ደብዳቤ ራሱ አንድ ሽንት ቤት ይሞላል ይላል ጋሼ ምንዳዬ፤ ይህን እንኳ አላጋነነም፣ መዝገቡን እኔም አይቼዋለሁ።

የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ባሻን ዛሬ ነገ እያለ ሲያመላልሰው ከረመ። በመጨረሻ ከበላይ ትእዛዝ ካልወረደ መኪናው አይነቃነቅም ብሎ ቁርጡን ነገረው። ባሻ ኮፍያውን አደረገ።

«ትእዛዙ ከላይ እስኪወርድ እሱ ከታች ወጣ።»

*

በዚያ ክረምት እትዬ የሽመቤት በተቅማጥ ወደቀች። ሁለት ሳምንት ከአልጋ አልወረደችም፤ ያ ልብስ የሚጨምቅ ክንዷ ጭራሮ አከለ። ባሻ ከሩቁ ምንጭ ውኃ እየቀዳ ያመጣላትና ሳይቀልድ አጠገቧ ይቀመጥ ነበር። ጋሼ ምንዳዬ ሊጠይቃት ሲሄድ ባሻን እንባውን ሲጠርግ አገኘው።

ከአልጋዋ ስትነሣ የተናገረችው ቃል እስከ ዛሬ በሰፈሩ ይነገራል። እኔ ከማጠብ ሌላ አላውቅም፣ ባሻ፤ ይህ ውኃ ከሞተ እኔም ሰው ቤት ገረድ ልሆን ነው፣ እባክዎ ቀልደው ብቻ አይተዉት አለችው። ባሻ በማግስቱ ግራዝማችን ከሰሰ።

*

ዳኛው ከግራዝማች ጋር አንድ ጽዋ የሚጠጡ ሰው ነበሩ። ፍሳሹ ከግራዝማች ግቢ ተነሥቶ ጉድጓዱ ሲገባ በዓይኑ ያየ ምስክር አቅርብ አሉት። መሬት ውስጥ ገብቶ የሚያይ ሰው ከየት ይመጣል? ባሻ ከጋቢው ሥር በቡሽ የተደፈነ ጠርሙስ አወጣ፤ የጉድጓዱን ውኃ ሞልቶበታል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ምስክሬ ይህ ነው አለ። ዳኛው ችሎቱን ደፈርክ ብለው ተቆጡ፤ አፍ የሌለው ነገር እንዴት ይመሰክራል አሉ።

«አፍ አለው ጌታዬ፤ ቡሹን ይንቀሉለት።»

ዳኛው አልነቀሉትም። ይልቁንም ጠርሙሱን በብዕር ገፋ አድርገው፣ ሦስቱ መሥሪያ ቤቶች ውኃውን በጋራ መርምረው አስተያየት ይስጡ ብለው ቀጠሩ። ሦስቱ ሹሞች በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። ጉድጓዱን ሳያዩ፣ ጠርሙሱንም ሳይከፍቱ አንድ ደብዳቤ ጻፉ፤ ውኃው ለመጠጥ የማይመከር ቢሆንም ለልብስ ማጠቢያ እጅግ ተስማሚ ነው ይላል። ሦስት ፊርማ፣ ሦስት ማኅተም አለበት። ግራዝማች በነጻ ተሰናበቱ፤ ባሻም የደብዳቤውን ግልባጭ አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

*

በዓመቱ የታች ሰፈር ሰው ተሰልፎ አገረ ገዥው ዘንድ አቤት አለ። አገረ ገዥው ለከተማው አዲስ ነበሩ። ሦስቱን ሹሞች ጠርተው፣ የየቤቱን ሽንት ቤት ጉዳይ ከዛሬ ጀምሮ ተባብራችሁ ያዙ ብለው አዘዙ። ሹሞቹ መተባበር ከመጀመራቸው በፊት ጥናት ያስፈልጋል አሉ፤ ከዋናው ከተማም አንድ ባለሙያ አስመጡ።

ባለሙያው ግራዝማች በር ድረስ በመኪና መጣ። መስኮቱን አንድ ጣት ያህል ዝቅ አድርጎ፣ መሐረቡን አፍንጫው ላይ እንደያዘ፣ ጥልቅ ጥናት እያካሄድን ነው አለ። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ስንት ሜትር እንደሚጠልቅ ከባሻ ሊሰማ ፈለገ።

«እንጃ ጌታዬ፤ ከጥናትዎ ግን ይጠልቃል።»

*

ጥናቱ ሲያልቅ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ጋሼ ምንዳዬ ነበር። አራት ስብሰባ ሙሉ የተከራከሩት የኮሚቴው ስም ማን ይሁን በሚል ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ከፍተኛ ኮሚሲዮን ይባል አለ፤ የጤናው፣ የበላይ ጉባኤ ካልተባለ አልፈርምም አለ፤ የውኃው ሁለቱም ጥሩ ናቸው አለ። በእነዚያ አራት ስብሰባዎች ውስጥ ሽንት ቤት የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ተነሥቷል፤ እሱም የውኃው ሹም ለመውጣት ፈቃድ ሲጠይቅ ነው። በአምስተኛው ስብሰባ ባሻን ልምድ ያለው ሰው ነው ብለው አስጠሩትና እስቲ አንተ ስም አውጣ አሉት።

«ስሙማ የታወቀ ነው፣ ጉድጓድ፤ ጉዱ እሱ፣ ጓዱ እናንተ።»

ጋሼ ምንዳዬ ቃሉን እንዳለ በቃለ ጉባኤው አሰፈረው። ሦስቱ ሹሞች ሳያነቡ ፈረሙበት።

*

በመጨረሻ የትብብሩ ውል በአዳራሽ፣ በአገረ ገዥው ፊት እንዲፈረም ቀን ተቆረጠ። ሦስቱም ሹሞች ለዚያ ቀን ነጭ ሸሚዛቸውንና ነጭ ሱሪያቸውን ወደ እትዬ የሽመቤት ላኩ። እሷ ሰው የማታታልል ሴት ናት፤ ውኃው ተበላሽቷል፣ ሌላ ቦታ ያሳጥቡ ብላ መለሰችላቸው። ባሻ ግን ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ በየቢሮው ዞረ፤ ውኃው ለማጠቢያ አይሆንም የሚሉ ከሆነ እዚህ ላይ ይጻፉልኝ አለ። የፈረሙትን ማፍረስ ሆነባቸው። ተስማሚ ነው ብለናል፣ ትጠብ አሉ። እትዬ የሽመቤትም አጠበች፤ በካውያም አሳምራ ተኮሰችው።

ውሉ ሊፈረም በተቆረጠው ቀን ከሰዓት በኋላ መኪናው፣ ቱቦውና ሾፌሩ በግራዝማች በር ላይ ተገናኝተዋል። ግራዝማችም በአገረ ገዥው ትእዛዝ በድንጋይ የተገነባ አዲስ ሽንት ቤት አስቆፍረዋል፤ የእትዬ የሽመቤት ውኃ እስኪጠራ ሌላ አንድ ዓመት ፈጅቷል፣ እስክትሞት ድረስም ስታጥብበት ኖራለች። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ጋሼ ምንዳዬ ከሚቀጥለው መልስ በኋላ ምንም መጨመር ስለማይወድ ነው።

አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፤ ሰው ሞልቶበታል፤ እኩለ ቀን ነው። ሦስቱ ሹሞች በነጭ በነጭ ሆነው ፊት ለፊት ተደርድረዋል። ንግግሩ ረዘመ፣ ሹሞቹም አላባቸው፤ ልብሳቸው በሞቀ ቁጥር ሽታው ተነሣ። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየው በሩ ሥር የተቀመጠውን ባሻን ነው። አገረ ገዥው አስጠርተው አቀረቡት፤ የባሻ ልብስ በምንጭ ውኃ የታጠበ ስለነበር የሳሙና ሽታ ብቻ ነው ያለው። ከዚያ ወደ ሹሞቹ ዞሩ። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም የውኃውን አየ፤ የውኃው የጤናውን አየ፤ የጤናው እኔን አይመለከተኝም አለ። አገረ ገዥው ብዕራቸውን ከውሉ ላይ አነሡና ባሻን፣ እንግዲህ ሽታ የምታውቀው አንተ ነህ፣ ይህ የሚሸተው ምንድን ነው አሉት።

«ትብብሩ ነው ጌታዬ፤ ገና ዛሬ ሦስቱም አንድ ዓይነት ሸተቱ።»