የጋሽ ማንደፍሮ ወተት

ጆሮ ስጡኝ፤ ከሆስፒታል የመጣች ተረት አለችኝ።

ጋሽ ማንደፍሮ ታመው ተኝተው ሳሉ አንዲት ኩባያ ወተት አማራቸው። የሕክምና ተማሪዋ ትንቢት ኪኒናቸውን አይታ፣ «ይሄን እየወሰዱ ወተት ቀኑን ሙሉ ክልክል ነው፣ ጋሼ» አለች።

«ማን አለ?»

«ይባላል።»

«ይባላል የሚባል ሐኪም አላውቅም። ማን እንዳለ ሳትነግሪኝ ኪኒኑን አልውጥም» ብለው አፋቸውን ገጠሙ። ትኩሳታቸው ገና አልበረደም ነበርና ትንቢት ደነገጠች።

ወደ ክፍል ጓደኛዋ ወደ ሚልኪያስ ሄደች። «ጋሽ ማንደፍሮ ኪኒን እምቢ አሉ፤ እኔን ጠየቁ፤ እኔ ከአንተ ሰማሁ። አንተስ ከማን ሰማህ?»

«ከኢክራም የቴሌግራም ቻናል ነው። ስንት ሰው እንደወደደው ብታዪ።»

ወደ ኢክራም ሄደች። «ጋሽ ማንደፍሮ ኪኒን እምቢ አሉ፤ እኔን ጠየቁ፤ እኔ ከሚልኪያስ ሰማሁ፤ ሚልኪያስ ከአንቺ አነበበ። አንቺስ ከየት አመጣሽው?»

«ዳግማዊ ካዘጋጀው ፒዲኤፍ ቆርጬ ለጠፍኩት። ሽፋኑ ሲያምር።»

ዳግማዊ ከእነሱ አንድ ዓመት ይቀድማል። ወደ እሱ ሄደች። «ጋሽ ማንደፍሮ ኪኒን እምቢ አሉ፤ እኔን ጠየቁ፤ እኔ ከሚልኪያስ ሰማሁ፤ ሚልኪያስ ከኢክራም አነበበ፤ ኢክራም ከአንተ ቆረጠች። አንተስ?»

ዳግማዊ ጭንቅላቱን አከከ። «ከአንቺ ነው። አምና በተማሪዎች ግሩፕ ‹ወተት ቀኑን ሙሉ ክልክል ነው?› ብለሽ ጽፈሽ ነበር። እኔ የጥያቄ ምልክቷን ዘለልኳት።»

ትንቢት ፊቷ ቀላ። «ጋሽ ማንደፍሮ ኪኒን እምቢ አሉ፤ እኔን ጠየቁ፤ እኔ ከሚልኪያስ ሰማሁ፤ ሚልኪያስ ከኢክራም አነበበ፤ ኢክራም ከዳግማዊ ቆረጠች፤ ዳግማዊ ከእኔ ወሰደ። እኔስ?» እያለች ወደ ቤተ መጻሕፍት ሮጠች።

ዩኒቨርሲቲው ለተማሪዎች የከፈተው የመድኃኒት መረጃ ገጽ ነበር፤ የይለፍ ቃል ከተሰጣት ወዲህ አንዴም ገብታበት አታውቅም። ገባች። የኪኒኑን ስም ጻፈች። አነበበች። ወተቱና ኪኒኑ አብረው አይወሰዱ፣ በሰዓታት ይራራቁ እንጂ ቀኑን ሙሉ ክልክል ነው የሚል የለም። ተረኛዋ ሐኪም ዘንድ ወስዳ አሳየች፤ ሐኪሟም «ልክ ነው» ብላ የወተቱን ሰዓት ወሰነች።

ያን ጊዜ ዳግማዊ ፒዲኤፉን አረመ፤ ኢክራም የለጠፈችውን አነሳች፤ ሚልኪያስ ከእሱ ለሰማ ሁሉ «ተሳስቻለሁ» አለ፤ ትንቢት ያነበበችውን ለጋሽ ማንደፍሮ በስልኳ አሳየች፤ ጋሽ ማንደፍሮም ኪኒናቸውን ዋጡ።

ሰዓቱ ሲደርስ ወተቱ መጣ። ጋሽ ማንደፍሮ ግማሹን ጠጥተው ጢማቸውን ጠረጉና ኩባያውን ወደ ትንቢት ገፋ አደረጉ።

«ስትሮጪ ነው የዋልሽው፣ ልጄ። ጠጪ፤ አንቺ እንኳ ኪኒን አልዋጥሽም።»